ሥራው ይሸጥ፤ እጁ ግን አይሸጥ

በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ ወደ አንድ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ጎራ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ የሚያያቸው ሥዕሎች እንግዳ አይሆኑበትም። የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ታሪክ በትንንሽ ክፍሎች ተደርድሮ ተሥሏል፤ የዓድዋ ጦርነት አለ፤ ጀበና ይዛ የተቀመጠች ወይዘሮ አለች፤ ጥግ ላይ ደግሞ ባለ ኅብረ ቀለም መሶብ ቆሟል። ተመጋቢው በልቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ሒሳቡን ከፍሎ ይወጣል። ሥዕሉን ማን እንደሣለው፣ መሶቡን የማን እጅ እንደሰፋው የሚጠይቅ ግን ከስንት አንድ ነው። የጠየቀም ቢኖር መልስ የሚሰጠው አያገኝም፤ በሥራው ላይ ስም አልተጻፈምና።

ይህ ነገር ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ይሁንና በስደት ዓለም በእጃቸው ጥበብ ለመኖር የሚታገሉ ወገኖች የሚገጥማቸው ችግር አብዛኛው ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው ለማለት ይቻላል። ሠዓሊው፣ ጥልፍ ጠላፊዋ፣ ስፌት ሰፊዋ፣ ብር አንጥረኛው፣ ሁሉም አንድ ጥያቄ ተደቅኖባቸዋል። ልባቸው ያለውን ይሥሩ ወይስ ገበያው ያለውን?

በዚህ ጥያቄ ላይ ወገን ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይከራከራል። አንደኛው ወገን፣ ጥበብ የነፍስ ነገር ስለሆነ ገንዘብ ሲነካው ይረክሳል፣ እውነተኛ ሠዓሊ ገዢን አያይም ይላል። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ የቤት ኪራይ በነፍስ አይከፈልም፣ ደንበኛ የጠየቀውን ሠርቶ መስጠት ነው፣ ሌላው ቅንጦት ነው ይላል። ሁለቱም አባባሎች በየፊናቸው ጥቂት እውነት አላቸው። ሆኖም ሁለቱም ዋናውን ነገር ስተውታል። ጥበብን የሚያበላሸው መሸጡ አይደለም። የሚያበላሸው ጊዜው ሳይቆጠር፣ ስሙ ሳይጻፍ፣ በችኮላና በርካሽ መሸጡ ነው።

ታሪክም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። በኢትዮጵያ ሥዕል ከጥንት ጀምሮ በትዕዛዝ ሲሠራ የኖረ ሙያ ነው። ንጉሡ፣ መኳንንቱ ወይም ደብሩ ያዝዛል፤ ሠዓሊው ይሥላል። ምን እንደሚሣልም ሥርዓት ነበረው። ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ። አሠሪው ብዙ ጊዜ ከሥዕሉ ግርጌ ተማጽኖ ሲያቀርብ ይሣላል፤ ስሙም ይጻፋል። የሠዓሊው ስም ግን በአብዛኛው አይገኝም። እንዲህም ሆኖ በዚያ ጠባብ ሥርዓት ውስጥ እስከ ዛሬ ዓይንን የሚያስደንቁ ሥራዎች ተሠርተዋል። ትዕዛዝ በራሱ የፈጠራ ጠላት ቢሆን ኖሮ አንዱም አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ ባልተገኘ ነበር። አሠሪው የሚያሠራው ለነፍሱ ስለነበር ርካሽነቱን ሳይሆን ማማሩን ይሻ ነበር፤ ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ከዓድዋ ድል፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ1896 በኋላ፣ አዲስ አበባ የውጭ መንግሥታት ወኪሎችና ነጋዴዎች የሚመላለሱባት ከተማ ስትሆን አዲስ ዓይነት ገዢ ብቅ አለ። በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተማሩ ሠዓሊዎች ለእነዚህ እንግዶች ጦርነቱን፣ ግብሩን፣ አደኑን፣ የሳባን ታሪክ በሸራ ላይ እየሣሉ መሸጥ ጀመሩ። እነ በላቸው ይመር በዚህ ሙያ ስማቸው የሚነሣ ቀደምት ሰዎች ናቸው። ብዙውን ጊዜ በ44 ክፍሎች የሚሣለው የሳባ ታሪክ ለፈረንጅ ገዢ ሲባል የዳበረ ፈጠራ ነበር። ፊደል ለማያነብ እንግዳ ታሪኩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በሥዕል እያስነበበ የሚወስድ ዘዴ ነው። እንግዲህ ይህን ሥዕል የወለደው ገበያው ነው ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ገበያው ሠዓሊውን አላሰናከለውም፤ አዲስ ነገር እንዲያስብ አደረገው እንጂ።

ነገሩ የተበላሸው ኋላ ነው። ቱሪስት በዛ። ባለሱቁ ትናንት የተሸጠውን ዛሬም አምጣ አለ። ሠዓሊው ያንኑ ታሪክ፣ በዚያው ቅደም ተከተል፣ በዚያው ቀለም፣ በሰፌድም በቆዳም ላይ ሲደጋግም ከረመ። ገዢው አንድ ጊዜ ገዝቶ በአውሮፕላን የሚሄድ፣ ተመልሶ የማይመጣ ሰው ነው። ሥራው ቢያምር የሚያመሰግን፣ ቢከፋ የሚወቅስ የለም። ስለዚህ ዓይኑ ትንሽ ጠበበ፣ ጣቱ ትንሽ ተቆረጠ፣ ቀለሙ ትንሽ ቀጠነ። ማንም በአንድ ቀን ጥበቡን አልጣለም፤ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ተሸረፈ እንጂ።

ሆኖም በዚያው ገበያ ውስጥ እየኖሩ እጃቸውን ያላስነጠቁ ነበሩ። ቄስ አዳሙ ተስፋው በጎጃም በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የተማሩ፣ ኋላም አዲስ አበባ መጥተው ሥዕል እየሸጡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያነሡት ርእስ ሌሎች ያነሡት ነው፤ መስመራቸው ግን የራሳቸው ነው። ሥራቸውን ያወቀ ሰው ከመቶ ሥዕል መካከል ለይቶ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ለእርሳቸው ሥራ ብቻ የተዘጋጀ ትርኢት አቀረበ። እንግዲህ ለገበያ መሥራትና የራስን እጅ መጠበቅ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ጥንቃቄ ሲጎድል የሚሆነውን ደግሞ ከጎንደር አጠገብ ያለችው ወለቃ ታስተምራለች። የወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች በጀበና፣ በድስትና በምጣድ ሥራ የታወቁ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። እንግዳ መመላለስ ሲጀምር ትንንሽ የሸክላ ምስሎች መሥራት ያዙ። ሰሎሞንና ሳባ፣ አንበሳ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት ዕቃ እየተገዛ ባሕር ተሻገረ። ከዚያም እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 በነበሩት ዓመታት ሕዝቡ አብዛኛው ወደ እስራኤል ሄደ። ገበያው ግን አልሄደም። ኮከቡ ያለበት ሸክላ በዚያው መንገድ ዳር፣ በሌሎች እጅ እየተሠራ መሸጡን ቀጠለ። ሸክላውን የሚሠሩትም ለእንጀራቸው ነውና አይወቀሱም። ትምህርቱ ሌላ ነው፤ ዕቃው ስም ሳይኖረው ምልክት ብቻ ሲኖረው፣ ምልክቱ ይቀራል፣ እጁ ይረሳል።

ለመሆኑ የእጅ ሥራ ስሙም ዋጋውም እንዲህ የወደቀው ስለምንድን ነው? ፈረንጁን ብቻ መውቀስ ቀላል ነበር። እውነቱ ግን መራራ ነው። በአገር ቤት ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔው፣ ፋቂው ለዘመናት ሲናቅና ቡዳ እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል። ሠሪውን የሚንቅ እጅ የሠራውን ዕቃ ይወዳል፤ ልብሱን ይለብሳል፣ በምጣዱ ይጋግራል፣ በማጭዱ ያጭዳል። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1908 ሠራተኛን መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ ስላዩ ነው። ስድቡ ከጊዜ ጋር ቀንሷል። ዋጋ ሲነገር የሚሰማው ቃል ግን የዚያው ንቀት ርዝራዥ ነው።

በስደት አገር በበዓል ሰሞን የእጅ ሥራ ዘርግታ የተቀመጠች እናት ፊት ቆሞ መስማት ይበቃል። «እትዬ፣ የአገር ሰው አይደለሁም እንዴ፣ ቀንሱልኝ እንጂ!» ይላል አንዱ። «አገር ቤት በስንት ይገኝ የለም እንዴ!» ትላለች ሌላዋ። ያው ሰው ከአንድ ሰዓት በፊት በትልቁ ሱቅ ጫማ ሲገዛ ከዋጋው ላይ አንድ ሳንቲም ቀንሱልኝ አላለም። የሚያሳዝነው እናቲቱም ብዙ ጊዜ እሺ ማለታቸው ነው። ያፍራሉ። «ምን ላድርግ፣ ልጄ ናት» ብለው ይሰጣሉ።

እስቲ ለምሳሌ ያህል ይታሰብ። አንዲት ሴት አንድ መሶብ ለመስፋት 80 ሰዓት ፈጀባት እንበል። ለአክርማውና ለስንደዶው፣ ለቀለሙና ለማስመጫው 40 ዶላር ወጣ። በክርክር ብዛት በ240 ዶላር ሸጠችው። የቀራት 200 ዶላር ነው፤ ለ80 ሰዓት ሲካፈል በሰዓት 2 ዶላር ከ50 ይሆናል። በአሜሪካ የፌዴራሉ ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ 7 ዶላር ከ25 ነው። በዚያ በዝቅተኛው እንኳ ቢታሰብ መሶቡ 620 ዶላር መሸጥ ነበረበት። እርሷ ግን ልዩነቱን ከራሷ ጉልበት ከፍላ ለገዢው ስጦታ ሰጠችው ማለት ነው።

በሁለተኛው መሶብ ላይ ምን ይሆናል? ሰፊዋ ሞኝ አይደለችም። 80 ሰዓቱን 40 ለማድረግ ትሞክራለች። መጀመሪያ የምትተወው ጌጡን ነው። አያቷ ያስተማረቻትን ከባዱን ሐረግ ትታ ቀላሉን ትይዛለች። አዲስ ነገር መሞከርማ ፈጽሞ አይታሰብም፤ የተሞከረ ነገር ሊበላሽ ይችላል፣ የተበላሸ ደግሞ መፈታት አለበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በችኮላ የተሠራው በሁለት ዓመት ይላላል፤ ገዢውም «የድሮ ስፌት ቀረ» ብሎ ያማርራል። የድሮውን ስፌት ያስቀረው ግን በዚያ ቀን የተቀነሰው ዋጋ ነው። ፈጠራ የሚሞተው ገንዘብ ስለገባበት ሳይሆን፣ ገንዘቡ ለማሰቢያ የሚሆን ጊዜ ስለማይገዛ ነው።

ይህን የተረዱ ታላላቅ ሠዓሊዎች ለጊዜያቸው ጥበቃ የየራሳቸውን ዘዴ ፈጥረዋል። እስክንድር ቦጎስያን እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት አስተምሯል። የመምህርነት ደመወዝ ያለው ሠዓሊ ነገ ስለሚሸጠው ሥዕል ሳይጨነቅ ዛሬ በብራና፣ በዛፍ ልጥ፣ በሸራ ላይ ያሻውን ይሞክራል። በዚያው ከተማ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ግድግዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 ከከበደች ተክለአብ ጋር የሠራው «ኔክሰስ» ደግሞ የትዕዛዝ ሥራ ነበር። ታዞ የሠራውም ቢሆን ግን የእስክንድርና የከበደች መሆኑ አይጠፋም። የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ በበኩላቸው በአዲስ አበባ የአፍሪካ አዳራሽን ታላቅ የመስተዋት ሥዕል በትዕዛዝ ሠርተዋል፤ ብዙ ሥራዎቻቸውን ግን ቪላ አልፋ በተባለው ቤታቸው አኑረዋቸዋል። አንዱ በደመወዝ፣ ሌላው በታላላቅ ትዕዛዝ እጃቸውን ነጻ አወጡ።

ከዚህ የሚገኘው ምክር ለታክሲ ነጂው ሠዓሊም፣ በፓርኪንግ ሌሊቱን ለሚያድረው ቀራጭም ይሠራል። ሌላ ሥራ መያዝ ውርደት አይደለም። የቤት ኪራዩን የሚከፍል ደመወዝ ብሩሽን ከባለሱቅ ትዕዛዝ ነጻ ያወጣል። አደጋው ድካሙ ነው። ከአሥራ ሁለት ሰዓት ሥራ የተመለሰ ሰው ሸራ ፊት ሲቆም እንቅልፍ ይጥለዋል፤ «በሚቀጥለው ሳምንት» ሲል ዓመቱ ያልፋል። በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተማሩ፣ ውጭ አገር ከገቡ በኋላ ብሩሻቸውን ካስቀመጡበት ያላነሡ ጥቂት አይደሉም። ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን፣ ባይሆን ግማሽ ቀን፣ እንደ ቅዳሴ ሰዓት የማይነካ መሆን አለበት። ያን ቀን ለሽያጭ የሚሆን ነገር አይሠራም።

ሥራውንም በሁለት መክፈል ይበጃል፤ የእንጀራ ሥራና የልብ ሥራ። የእንጀራው ሥራ ትንንሹ ነው፤ ሙዳይ፣ ፖስት ካርድ፣ የሥዕል ቅጂ፣ የአንገት ልብስ። ይህ በልክ ይሠራ፣ በጥራት ይሠራ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ይሸጥ። ሁሉም ሰው 620 ዶላር የሚከፍል አይደለምና ገና ኑሮውን ያልጀመረ ወገንም የሚገዛው ነገር ማግኘት አለበት። የልብ ሥራው ትልቁ ነው፤ ዋጋው በሰዓቱ ልክ ይቆረጥ፣ ካልተሸጠም ይቀመጥ። ያለ ገዢ የተቀመጠ መልካም ሥራ ኪሳራ አይደለም፤ የነገው ትንሽ ሥራ አዲስ መልክ የሚያገኘው ከእርሱ ነው። በአንጻሩ የእንጀራ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሰው ከጥቂት ዓመት በኋላ የሚቀዳበት ምንጭ ይደርቅበታል።

ትዕዛዝ ሲመጣም ወሰን ይኑር። መጠኑን፣ የሚደርስበትን ቀን፣ የቀለሙን ምርጫ ከገዢ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። «የእገሌን ሥዕል ቁርጥ አድርገህ ሥራልኝ» ሲባል ግን አይሆንም ማለት ይገባል። ቀብድ ሳይቀበሉ ሥራ መጀመርም ይቅር። ግማሹን አስቀድሞ የከፈለ ሰው በኋላ አይከራከርም፤ ሠሪውም ገዢው ጠፍቶበት በርካሽ ለመጣል አይገደድም።

ከሁሉ በፊት ስም ይጻፍ። ሥዕሉ ላይ ስምና ዓመተ ምሕረት፣ መሶቡ ሥር ትንሽ ጨርቅ ላይ የሰፊዋ ስምና የትውልድ ቦታዋ፣ ቀሚሱ ውስጥ የጠላፊዋ ምልክት ይኑር። ስም ያለበትን ሥራ ሠሪው አያበላሸውም። በአሜሪካ ሕግ ደግሞ ሥዕልን የገዛ ሰው ሥዕሉን እንጂ የማባዛት መብቱን አይገዛም፤ ያ መብት በጽሑፍ ካልተላለፈ በቀር በሠዓሊው እጅ ይቆያል። ብዙዎች ይህን ባለማወቅ ሥዕላቸው በቲሸርትና በካሌንደር ታትሞ ሲሸጥ ዝም ብለው ያያሉ።

ስም መጻፍ ዛሬ የበለጠ የሚያስፈልግበት ምክንያትም አለ። ከእጅ ጥልፍ ለመለየት የሚያስቸግር የሐበሻ ቀሚስ በማሽን ታትሞ ገበያ ላይ ወጥቷል። ለእጅ ሥራ ብቻ የታሰቡ የኢንተርኔት ገበያዎችም ሳይቀሩ ተለውጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 የተቋቋመው ኤትሲ በ2013 በፋብሪካ እገዛ የተሠራ ዕቃ ፈቀደ፤ በ2022 ደግሞ ከእያንዳንዱ ሽያጭ የሚወስደውን ድርሻ ከ5 ወደ 6 ነጥብ 5 በመቶ ከፍ አደረገ። ሥዕል በአደራ ተቀብለው የሚሸጡ ጋለሪዎችም ግማሽ ያህሉን መውሰዳቸው የተለመደ ነው። ከማሽን ጋር በርካሽነት የተወዳደረ እጅ መሸነፉ የማይቀር ነው። ማሽኑ የማይችለው ነገር ቢኖር ስም ያለው ሰው መሆንን ነው።

ይህ ሁሉ ግን በሠሪው ላይ ብቻ የሚጫን ሸክም አይደለም። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው ብሎ ዳር መቆም ለማንም አይጠቅምም። የምግብ ቤት ባለቤቶች በየሥዕሉ ሥር የሠዓሊው ስምና ዋጋው ያለበት ትንሽ ወረቀት ቢለጥፉ ወጪው ከአንድ ሲኒ ቡና አይበልጥም። «ስምህ ይታወቅልሃል» ብሎ ሥዕል በነጻ መጠየቅም ይቅር፤ ለሽንኩርቱና ለበርበሬው እንዲህ አይባልምና። የማኅበረሰብ ማኅበራት ለዓመታዊ በዓላቸው ሽልማት ከሱቅ ዋንጫ ከሚገዙ ከመካከላቸው ካለች ሰፊ መሶብ ቢያዝዙ፣ አብያተ ክርስቲያናትም ሥዕል ከማሳተም በፊት በከተማቸው ያለውን ሠዓሊ ቢጠይቁ፣ ያ የጥንቱ መልካም አሠሪ እንደገና ተገኘ ማለት ነው።

ገዢውም ቢሆን ሦስት ነገር ብቻ ይጠይቅ፤ ማን ሠራው? ስንት ጊዜ ፈጀ? ሌላስ ምን ሠርተዋል? የመጀመሪያው ጥያቄ ለሠሪው ስሙን ይመልስለታል። ሁለተኛው የተጠየቀውን ዋጋ ምክንያቱን ያስረዳል። ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል፤ ለሽያጭ ያልቀረበውን፣ ቤት ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠውን የልብ ሥራ ወደ ብርሃን ያወጣዋል።

በአማርኛ ጥበብ ማለት ዕውቀት ነው፤ ሥነ ጥበብም ነው፤ በቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ጌጥ ጥበብ ይባላል። ሕዝቡ ሦስቱን በአንድ ቃል የጠራው አለ ምክንያት አይደለም። በውጭ አገር የተወለዱት ልጆች ይህን ቃል ከመጽሐፍ ብቻ እንዳይማሩት ከተፈለገ፣ ቃሉን በእጃቸው የያዙት ሰዎች ገና በሕይወት ሳሉ የሥራቸውን ዋጋ ሊያገኙ ይገባል። መሶብ የምትሰፋ እናት ልጇ አጠገቧ ተቀምጣ እንድትማር የምትፈልገው ሥራው እንደሚያኖር ስታይ ብቻ ነው። አሁን ብዙዎቹ እናቶች ለልጆቻቸው የሚሉት «አንቺ ተማሪ፣ ይህ ድካም ነው» ነው። ይህ ቃል የሚለወጠው ወይም የመጨረሻ ቃል ሆኖ የሚቀረው በሚቀጥለው በዓል ገዢው በሚከፍለው ዋጋ ነው።